የመሪዎች ሐሰተኛ የጦርነት ንግግር ውሸት የሚባለው መቼ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ጦርነትና ስለ መሪዎች ንግግር ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚመላለሱ ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የሚያተኩሩት በ2003 በኢራቅ ላይ በተከፈተው ጦርነት ላይ ነው፤ በዚያ ጦርነት መሪዎቹ በአደባባይ የተናገሩትንና በዚያው ሰሞን ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውን ወረቀት ዛሬ ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይቻላልና። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ መሪ የተናገረው ነገር ሐሰት ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ዋሽቷል ያሰኛል?

አያሰኝም። ዋሸ የሚባለው ሰው እውነት አለመሆኑን እያወቀ፣ ወይም እውነት ነው ብሎ ሳያምን፣ ሰሚው ግን እንዲያምነው አስቦ የተናገረ ሰው ነው። ስለዚህ ንግግሩን ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር ማነጻጸር የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ ተናጋሪው በተናገረበት ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበረ ማጣራት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪዎች መሪ የነበሩት ሃንስ ብሊክስ ጦርነቱን የማይደግፉ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ኢራቅ የደበቀችው መሣሪያ ሳይኖር እንደማይቀር እርሳቸውም ለረጅም ጊዜ ይገምቱ ነበር። ግምታቸው ስሕተት ሆነ፤ ውሸታም ያላቸው ግን የለም፣ ሊባሉም አይገባም። ግምታቸውን እንደ ግምት አቀረቡ፣ ተቆጣጣሪዎቻቸው ሄደው ያላገኙትንም አላገኘንም ብለው ለጸጥታው ምክር ቤት ሪፖርት አደረጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ተከራካሪዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። መሪ ስለ ጦርነት ሲናገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ስለ ዓለም ነው፤ «ጠላት ይህ መሣሪያ አለው» የሚለው። ሁለተኛው ስለ ራሱ ዕውቀት ነው፤ «ይህን በእርግጠኝነት እናውቃለን» የሚለው። በአንደኛው ተሳስቶ በሁለተኛው ሊዋሽ ይችላል፤ የዘመናችን የጦርነት ውሸቶች በብዛት የተሸሸጉትም በሁለተኛው ውስጥ ነው።

ታዲያ የቡሽ አስተዳደር ስለ ኢራቅ ዋሽቷል?

ስለ መሣሪያዎቹ መኖር ከሆነ፣ አብዛኞቹ ባለሥልጣናት መሣሪያው አለ ብለው ያምኑ እንደነበር መቀበል ይቻላል። ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ከሆነ ግን ዋሽተዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ አቋም ነው፤ የሚከተለው ቅደም ተከተል ለምን እንደሆነ ያሳያል።

ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ኦገስት 26 ቀን 2002 በናሽቪል ለጦር ተመላሾች ባደረጉት ንግግር፣ ሳዳም ሁሴን የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ባለቤት ለመሆኑ ምንም ጥርጥር የለም አሉ። በሚቀጥለው ወር የፔንታገን የስለላ ድርጅት ባዘጋጀው ሪፖርት፣ ኢራቅ ኬሚካል መሣሪያ እያመረተችና እያከማቸች ስለመሆኗ አስተማማኝ መረጃ እንደሌለ አሰፈረ። በዚያው ሴፕቴምበር መጀመሪያ መከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ራምስፌልድ ከጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሞች የመረጃ ክፍል ሌላ ወረቀት ደረሳቸው። ወረቀቱ ስለ ኢራቅ የማይታወቀው ምን ያህል እንደሆነ የሚዘረዝር ሲሆን፣ ስለ ኑክሌር ፕሮግራሙ አለን የሚባለው ዕውቀት በአብዛኛው፣ ምናልባትም 90 በመቶው፣ ትክክለኛነት በጎደለው መረጃ ላይ በተሠራ ትንተና የቆመ ነው ይላል። ራምስፌልድ ወረቀቱን ለኤታማዦር ሹሞቹ ሰብሳቢ ለጄኔራል ሪቻርድ ማየርስ ሲመሩ በማስታወሻቸው ላይ፣ ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የማናውቀውን ተመልከተው፣ ትልቅ ነው ብለው ጻፉ።

አለማወቃቸውን በጽሑፍ ያረጋገጡት እኚሁ ሰው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ ማርች 30 ቀን 2003፣ መሣሪያው የታለ ተብለው በቴሌቪዥን ሲጠየቁ የመለሱት የት እንዳለ እናውቃለን ብለው ነበር። በቲክሪትና በባግዳድ አካባቢ፣ ከዚያም በስተ ምሥራቅ፣ በስተ ምዕራብ፣ በስተ ደቡብና በስተ ሰሜን ነው ሲሉም አከሉ። አራቱንም ማዕዘን የሚጠቁም ሰው ቦታውን እንደማያውቅ ለመረዳት ሰላይ መሆን አያስፈልግም። ራምስፌልድ መሣሪያው አለ ብለው ከልባቸው አምነው ሊሆን ይችላል። «እናውቃለን» ያሉት ግን አያውቁም ነበር፤ አለማወቃቸውንም ያውቁ ነበር።

የአሉሚኒየም ቱቦዎቹም ነገር ተመሳሳይ ነው። ቱቦዎቹ ሴንትሪፊውጅ የሚባለው ዩራኒየም የሚያበለጽግ መሣሪያ ሊሠራባቸው ታስበው የተገዙ ናቸው ተብሎ በ2002 በሰፊው ተነገረ። ስለ ሴንትሪፊውጅ ከማንም በላይ የሚያውቁት የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለሮኬት የሚሆኑ ናቸው ይሉ ነበር፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የመረጃ ክፍልም ከእነርሱ ጋር ተስማምቷል። ይህ የተቃውሞ ሐሳብ በኦክቶበር 2002 በተዘጋጀው ምስጢራዊ ግምገማ ውስጥ ተጽፏል። በዚያው ወር ለሕዝብ በታተመው አጠር ያለ ቅጂ ግን የተቃወሙት መሥሪያ ቤቶች ስምና ምክንያት ተሰርዞ፣ ተቃውሞው አንዳንዶች በተለየ ያምናሉ ወደምትል ሐረግ ወረደ፤ ብዙዎቹ «እንገምታለን» የሚሉ ቃላትም ቀሩና እርግጠኛ ዐረፍተ ነገሮች ሆኑ። ኮንግረሱ ጦርነቱን የፈቀደው በዚያው ወር ሲሆን በተወካዮች ምክር ቤት 296 ለ133፣ በሴኔት 77 ለ23 በሆነ ድምፅ ነበር።

ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ያደረጉት ንግግርስ? እርሳቸው ተታለሉ እንጂ አላታለሉም ይባላል።

አባባሉ በከፊል እውነት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፓወል ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ኒው ዮርክ ላይ ከመናገራቸው በፊት በሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ለቀናት ረቂቁን አጣርተዋል። የራሳቸው መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል በረቂቁ ውስጥ ደካማ ወይም መሠረተ ቢስ ያላቸውን 38 ነጥቦች ለይቶ አቀረበ፤ ከእነዚህም 28ቱ ተሰረዙ። ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ቤተ ሙከራዎች አሉ የሚለው ክፍል ግን ቀረ። ምንጩ ጀርመን የነበረ፣ «ከርቭቦል» በሚል የምስጢር ስም የሚታወቅ ኢራቃዊ ስደተኛ ነበር። የጀርመን ሰላዮች በሰውየው ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ አስቀድመው ገልጸዋል፤ ሰውየውም በ2011 ታሪኩን ፈጥሮ እንደተናገረ አመነ። ጥርጣሬው ለፓወል አለመነገሩ ተታለሉ ለሚለው ክርክር ጥሩ ድጋፍ ነው።

ይሁን እንጂ በንግግሩ ውስጥ በሌላ ሰው ሊሳበብ የማይችል አንድ ቦታ አለ። ፓወል የተጠለፈ የሬዲዮ ንግግር ለምክር ቤቱ አሰሙ፤ በንግግሩ አንድ የኢራቅ መኮንን ለሌላው ስለ ፍተሻ መምጣት ይነግረዋል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባወጣው ትርጉም መኮንኑ የሚለው፣ የቁርጥራጭ ብረት ቦታዎችንና የተተዉ ቦታዎችን እንድትፈትሹ መልእክት ልከናል ነው። ፓወል ለምክር ቤቱ ሲያነቡት ግን «ቦታዎቹን ሁሉ አጽዱ» እና «ምንም ነገር እንዳይኖር አረጋግጡ» የሚሉ፣ በትርጉሙ ያልነበሩ ቃላት ገቡበት። ትእዛዝ የሚፈጽም መኮንን ማስረጃ የሚያጠፋ መኮንን ሆነ። እነዚያን ቃላት ማን ጨመራቸው የሚለውን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ የምናገረው ሁሉ በጽኑ ምንጭ የተደገፈ ነው ብለው የጀመሩ ሰው ወረቀቱ የሚለውንና የሚያነቡትን የማስማማት ኃላፊነት ነበረባቸው። ፓወል ንግግሩ በስማቸው ላይ የቀረ እድፍ መሆኑን በ2005 ተናግረዋል። ከአስተዳደሩ ሰዎች መካከል እንዲህ በግልጽ የተናገሩ ጥቂት በመሆናቸው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ይራራላቸዋል፤ መራራቱ ግን ፍርዱን አይለውጠውም።

ቶኒ ብሌር አምኜበት ነው የተናገርኩት ይላሉ። ያመነ ሰው ሊዋሽ ይችላል?

በወቅቱ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ብሌር ጉዳዩን የሚከላከሉት በቅን ልቦና ነው፤ የተናገርኩትን አምን ነበር ይላሉ። አለማመናቸውን የሚያሳይ ወረቀትም አልተገኘም። ነገር ግን ሴፕቴምበር 24 ቀን 2002 ለፓርላማው ስለ ኢራቅ መሣሪያ የተዘጋጀ ሰነድ ሲያቀርቡ የተናገሩት እምነታቸውን ብቻ አልነበረም፤ የስለላው መረጃ ሰፊ፣ ዝርዝርና ሥልጣን ያለው ነው አሉ። ከስድስት ወር በፊት፣ በማርች 2002፣ የእንግሊዝ የጋራ የመረጃ ኮሚቴ ስለዚያው መረጃ የጻፈው የተቆራረጠና እዚህም እዚያም የተጣጣፈ መሆኑን ነበር። መሣሪያው አለ ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው፤ የተጣጣፈን መረጃ ሰፊና ዝርዝር ማለት ሌላ ነገር ነው። ያመኑበት ስለ ባግዳድ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ፋይላቸው የተናገሩት ግን ፋይሉ ከሚለው ጋር አይገጥምም።

በዚያው ሰነድ ውስጥ ኢራቅ ኬሚካልና ባዮሎጂካል መሣሪያዋን በ45 ደቂቃ ውስጥ ዝግጁ ልታደርግ ትችላለች የሚለው ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ነበር። መረጃው የሚመለከተው በጦር ሜዳ የሚተኮሱ አጭር ርቀት መሣሪያዎችን እንጂ ረጅም ርቀት ሚሳኤሎችን እንዳልሆነ ሰነዱ አልገለጸም። ጋዜጦች በማግሥቱ እንግሊዛውያን ከጥፋት 45 ደቂቃ ብቻ እንደቀራቸው አድርገው ጻፉት፤ ያርም የነበረበት መንግሥት ዝም አለ። ዝምታ ውሸት ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ሕዝብ የተሳሳተ ነገር እንዳመነ እያዩ፣ ስሕተቱም የመጣው ከእናንተ ጽሑፍ መሆኑን እያወቁ ዝም ማለት፣ ከውሸት የሚለየው በፍሬ ነገር አይደለም።

ራስን ማታለል የሚባል ነገርም አለ፤ ፖለቲከኛ ከማንም ቀድሞ ራሱን ያሳምናል። ፈላስፋው ሃሪ ፍራንክፈርት ደግሞ እውነት ይሁን አይሁን ግድ ሳይሰጠው የሚናገርን ሰው ከውሸታም ለይቶ ያየዋል፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቃል፣ ይሸሻልም፣ ይህኛው ግን ጭራሹን አይመለከተውም። ለፍልስፍና ክፍል ልዩነቱ ይጠቅማል። ልጁን ለጦርነት ለሚልክ ወላጅ ግን ፋይዳው እምብዛም ነው፤ ሠራዊት የሚያዝ ሰው የማጣራት ግዴታ አለበት፣ ለማጣራት አለመፈለጉም የራሱ ምርጫ ነው።

ክርክር የማያስነሣ፣ ጥርት ያለ የጦርነት ውሸት አለ?

አለ፤ በተለይ መሪው ስለ ገዛ ሠራዊቱ ሲናገር። ስለ ጠላት መሣሪያ መሳሳት ይቻላል፣ የራስህ ጦር የት እንዳለ ግን መሳሳት ያዳግታል።

ሪቻርድ ኒክሰን ኤፕሪል 30 ቀን 1970 አሜሪካ የካምቦዲያን ገለልተኝነት ስታከብር እንደቆየችና በዚያ ባሉ የጠላት ይዞታዎች ላይ እንዳልተንቀሳቀሰች ለሕዝባቸው በቴሌቪዥን ተናገሩ። በእርሳቸው ፈቃድ ቢ-52 አውሮፕላኖች ካምቦዲያን በምስጢር መደብደብ ከጀመሩ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር፤ የመጀመሪያው ድብደባ የተካሄደው በማርች 1969 ነው። ቭላዲሚር ፑቲን ደግሞ በማርች 2014 ክራይሚያ ውስጥ መለያ የሌለው ዩኒፎርም ለብሰው የቆሙት ወታደሮች የአካባቢው ራስ መከላከያ ኃይሎች መሆናቸውን ለጋዜጠኞች ገልጸው፣ እንዲህ ያለ ልብስ ከሱቅ ይገዛል ብለው ነበር። በኤፕሪል 17 ከእነዚያ ኃይሎች ጀርባ የሩሲያ ወታደሮች ቆመው እንደነበር ራሳቸው አመኑ። በእነዚህ ሁለቱ ጉዳዮች የሰውየውን ልብ መርምሮ ማግኘት አያስፈልግም፤ የሰጠው ትእዛዝ ይመሰክርበታል።

የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ጉዳይ ስሕተት ነበር ወይስ ውሸት?

ስሕተት ሆኖ ተጀምሮ ውሸት ሆኖ የቀጠለ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ኦገስት 2 ቀን 1964 ማዶክስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ተጠቃች፤ ይህ በእርግጥ ሆኗል። ኦገስት 4 ሌሊት ግን ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ ተባለ። በዚያ ሌሊት ባሕሩ ተናውጦ ጨለማው ከብዶ ነበር፤ የመርከቦቹ ባለሙያዎች የባሕሩን ድምፅ ቶርፔዶ አድርገው ሰሙት። በስፍራው አዛዥ የነበሩት ካፒቴን ጆን ሄሪክ ከሰዓታት በኋላ ባስተላለፉት መልእክት፣ የአየሩ ጠባይ በራዳር ላይ ያሳደረው ተጽዕኖና የሶናር (የባሕር ውስጥ ድምፅ ማዳመጫ) ሠራተኞች ከልክ ያለፈ ጉጉት ብዙዎቹን ሪፖርቶች ሳይፈጥር እንዳልቀረ ገልጸው፣ ተጨማሪ ርምጃ ከመወሰዱ በፊት ሙሉ ግምገማ እንዲደረግ ጠየቁ።

ግምገማው አልተጠበቀም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዚያው ሌሊት ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ በቴሌቪዥን ቀርበው የአጸፋ ድብደባ መታዘዙን ተናገሩ። ኮንግረሱ ኦገስት 7 ቀን ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን ሲሰጥ በሴኔት የተቃወሙት ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የብሔራዊ ደኅንነት ድርጅቱ የታሪክ ባለሙያ ሮበርት ሃንዮክ ያዘጋጁትና በ2005 ከምስጢርነት የወጣው ጥናት፣ በዚያች ሌሊት ጥቃት እንዳልነበረና ጥቃት ነበር የሚለውን የሚያጠናክሩ መረጃዎች ብቻ ተመርጠው ወደ ላይ እንደተላለፉ አሳየ።

እስከዚህ ድረስ ጆንሰን በመጀመሪያው ሰዓት ተሳስተዋል ብሎ መከራከር ይቻላል። መከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ ኦገስት 6 ቀን ለሴኔቱ ኮሚቴዎች የሰጡት ቃል ግን ሌላ ነው። ደቡብ ቬትናም በሰሜኑ የባሕር ጠረፍ ላይ ስለምታካሂደው ጥቃት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሳትፎም ዕውቀትም እንደሌለው አስረግጠው ተናገሩ። ጥቃቶቹ ግን በአሜሪካ የተቀነባበሩ ነበሩ፤ ማክናማራም ያውቁ ነበር። የሁለተኛውን ጥቃት ሐሰትነት ብቻ የሚያነሡ ጸሐፊዎች ይህን የሚያልፉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ሴኔቱ ሰሜን ቬትናም ያለ ምክንያት ተነሥታ ተኮሰች ብሎ እንዲያምን ያደረገው ይኸው ቃል ነውና።

ጠላትን ማታለልም ውሸት ከሆነ፣ በጦርነት ጊዜ የማይዋሽ መሪ ይኖራል?

አይኖርም፤ ሊኖርም አይጠበቅም። በ1944 የተባባሪዎቹ ኃይሎች ኖርማንዲ ላይ ከመውረዳቸው በፊት ጀርመኖች በካሌ በኩል እንዲጠብቁ በሐሰተኛ ሬዲዮና በሐሰተኛ ታንክ አሳሳቷቸው። የወገንን ሕይወት ለማዳን ለጠላት የተዘረጋ ወጥመድ ነበር፤ የጦርነቱን ዓላማና ምክንያት በተመለከተ ግን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሕዝብ በዚህ ምክንያት አልተታለለም። የጦር ዕቅድ መደበቅና ሕዝብ ጦርነት ውስጥ የሚገባበትን ምክንያት መደበቅ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

በኢትዮጵያ ታሪክ የዚህ ዓይነት ጉዳይ አለ?

በጣም ግልጹ የፋሺስት ኢጣሊያ ነው። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ሳለ፣ ሙሶሊኒ ለግራዚያኒና ለባዶሊዮ በላካቸው ቴሌግራሞች ጋዝ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በዲሴምበር 1935 በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ በርሜል ከአውሮፕላን ወረደ፤ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖም ቆስለው የተቃጠሉትን በኮረም በዓይናቸው አዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ስለዚሁ ሲናገሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ለዓመታት ሲካድ የቆየውን የጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1996፣ በሚኒስትሩ በዶሜኒኮ ኮርቾኔ አማካይነት ነው። ቴሌግራሙን የፈረመ ሰው አላውቅም ሊል ስለማይችል፣ ይህ ስሕተት የሚባልበት ቀዳዳ የለም።

የባድመው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ያጠያይቃል። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ሲያሳውቅ፣ የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች ገለጹ። በውሳኔው ጽሑፍ ውስጥ ባድመ የምትገኝበት ቦታ በቀጥታ ተለይቶ ስላልተቀመጠ፣ ሰነዱን በጥድፊያ ያነበበ ሰው ሊሳሳት ይችል ነበር የሚሉ አሉ። ኮሚሽኑ በማርች 2003 ከተማዋ በኤርትራ በኩል መሆኗን ግልጽ አደረገ። ሚኒስትሩ በዚያች ዕለት ምን እንደሚያውቁ የሚያረጋግጥ ሰነድ በአደባባይ የለም፤ ስለዚህ ንግግሩ ሐሰት መሆኑን መናገር ይቻላል፣ ውሸት ነው ለማለት ግን ማስረጃው አይበቃም። አሻሚ የሆነን ጽሑፍ እንዳለቀለት ድል ማብሰሩ ግን ከላይ ስለ እርግጠኝነት የተባለው ይመለከተዋል።

በ2020 በተጀመረው የትግራይ ጦርነት የኢትዮጵያና የኤርትራ ባለሥልጣናት የኤርትራ ሠራዊት በጦርነቱ እንደሌለ ለወራት ሲናገሩ ቆዩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ማርች 23 ቀን 2021 ለፓርላማ በሰጡት ማብራሪያ መኖሩን አመኑ፤ ኤርትራም በኤፕሪል ለጸጥታው ምክር ቤት በጻፈችው ደብዳቤ አረጋገጠች። በሌላው ወገን የትግራይ ቴሌቪዥን በጦርነቱ መጀመሪያ የሰሜን ዕዝ ከክልሉ መንግሥት ጎን እንደተሰለፈ ዘገበ፤ ከቀናት በኋላ ከሕወሓት ሰዎች አንዱ የሆኑት ሴኩቱሬ ጌታቸው በዕዙ ላይ አስቀድሞ የመከላከል ርምጃ መወሰዱን በቴሌቪዥን ገለጹ። የትኛው ጦር የት እንዳለ፣ የቱ እንደተመታ አዛዦቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እነዚህ ጉዳዮች ከባድመው ይልቅ ለካምቦዲያውና ለክራይሚያው ይቀርባሉ።

በነገራችን ላይ፣ በ2003 ዋይት ሐውስ ኢራቅን በመውረሩ የሚደግፉን አገሮች ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ኤርትራም ነበሩ። በባድመ ያልተስማሙት ሁለቱ መንግሥታት በዚያ ዝርዝር ተገናኙ።

በዚህ ምክንያት በሕግ የተጠየቀ መሪ አለ?

ስለ ኢራቅ ሐሰት በመናገሩ የተከሰሰ መሪ የለም። በእንግሊዝ የሚኒስትሮች የሥነ ምግባር ደንብ ፓርላማን ሆን ብሎ ያሳሳተ ሚኒስትር ሥልጣኑን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲያስረክብ ይጠብቃል፤ አሳሳች የተባለው ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን ለማን እንደሚያስረክብ ግን ደንቡ አይመልስም። በዚያው ፓርላማ ውስጥ አንድ አባል ሌላውን ውሸታም ብሎ መጥራትም አይፈቀድለትም።

በአሜሪካ ከኢራቅ ክርክር ጋር በተያያዘ የተፈረደባቸው የቼኒ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበሩት ሉዊስ ሊቢ ናቸው። ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ሞከረች የሚለውን የተቃወሙት አምባሳደር ጆሴፍ ዊልሰን ባለቤት የሲአይኤ ባልደረባ መሆናቸው ለጋዜጠኞች ሾልኮ ወጣ፤ ሊቢ ስለዚያ በምርመራ ሲጠየቁ ሐሰት ተናግረዋል ተብለው በማርች 2007 ጥፋተኛ ሆኑ። የእስራት ቅጣታቸውን ቡሽ በዚያው ዓመት አነሡላቸው፣ በ2018 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ሙሉ ምሕረት ሰጧቸው። ከጋዜጠኞች ጋር ስላደረጉት ወሬ የዋሸ ሰው ችሎት ቀረበ፤ ሕጉ የሚይዘው ለመርማሪ የተነገረን ውሸት እንጂ ለሕዝብ የተነገረን አይደለም።

ጦርነቱ ሳይጀመር ወይም ገና እየተካሄደ ሳለ ውሸትን መለየት ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ሆኖም መሪው ሲታረም የሚያደርገው ብዙ ይናገራል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር መሐመድ ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን 2003 ለጸጥታው ምክር ቤት ቀርበው የኒጀሩ የዩራኒየም ግዢ ሰነዶች ሐሰተኛ መሆናቸውን፣ ኢራቅ የኑክሌር ፕሮግራሟን እንዳንሰራራች የሚያሳይ ነገርም እንዳልተገኘ ገለጹ። ይህ የተነገረው በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ ነው። ቼኒ ማርች 16 በቴሌቪዥን ስለዚሁ ተጠይቀው የሰጡት መልስ ኤልባራዳይ ተሳስተዋል የሚል ነበር፤ ለምን እንደተሳሳቱ ግን ማስረጃ አላቀረቡም። ጦርነቱ በዚያው ሳምንት ተጀመረ። ያመነበትን የሚናገር ሰው የሚቃረን ማስረጃ ሲመጣ ይመረምረዋል፤ የወሰነበትን የሚናገር ሰው ማስረጃውን ያመጣውን ሰው ያጣጥላል።

ፍርዱን ለመስጠት የሚያስፈልጉት ሰነዶች መቼ ይወጣሉ?

ብዙ ጊዜ ተጠያቂዎቹ ከሥልጣን ወይም ከዚህ ዓለም ከተለዩ በኋላ። የቶንኪኑ ጥናት 41 ዓመት፣ የኢጣሊያ እምነት 60 ዓመት ወስዷል። በእንግሊዝ በጆን ቺልኮት የተመራው አጣሪ ከ2009 እስከ 2016 ሠርቶ ያወጣው ዘገባ፣ ስለ ኢራቅ መሣሪያ የተሰጡት ድምዳሜዎች ማስረጃው በማይፈቅደው እርግጠኝነት መቅረባቸውን አረጋገጠ፤ ዋሽተዋል የሚለውን ቃል ግን አልተጠቀመም። ብሌርም ዘገባው ከውሸት ክስ ነጻ አውጥቶኛል አሉ። በዚያ ዘገባ ብሌር ለቡሽ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ታትመዋል፤ በጁላይ 2002 ምንም ቢመጣ ከአንተ ጋር ነኝ ያሉበትም ይገኝበታል። ቡሽ ለብሌር የመለሱት ግን በዘገባው አልታተመም።